ደረጃው ቀደመ፣ ሕንጻው ተከተለ፦ የቪንተርቱሩ ኬ.118

በሰሜን ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር በምትባል ከተማ፣ ታቹ የድሮ ጡብ ላዩ ቀይ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ የለበሰ ሕንጻ አለ። ስሙ ኬ.118 ነው። በነባሩ ቤት ላይ ሦስት ፎቅ ተጨምሮበት እ.ኤ.አ. በ2021 ተጠናቀቀ። የተጨመሩትን ፎቆች ከፍታ የወሰነው አርክቴክቱም ባለቤቱም አይደለም። የወሰነው ዙሪክ ውስጥ ከፈረሰ የቢሮ ሕንጻ ተነቅሎ የመጣ የውጭ የብረት ደረጃ ነው። ደረጃው ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ስንት ሜትር እንደሚወጣ ተለካ፣ ወለሎቹም በዚያ ልክ ተቀመጡ።

ለግንባታ ሰው ይህ የተገላቢጦሽ ነው። በለመድነው አሠራር ፕላን ይነሣል፣ የሥራ ዝርዝርና መጠን ይወጣል፣ ከዚያ ዕቃ ይገዛል። ኬ.118 ላይ ዕቃው ቀድሞ ተገኘ፣ ፕላኑ እሱን ተከትሎ ተሠራ፣ ሌላ ያገለገለ ዕቃ የተገኘ ቀን ደግሞ ፕላኑ እንደገና ተከለሰ። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ሕንጻው ስለሚያምር አይደለም፤ ስለ ውበቱ ሰው የፈለገውን ቢል አልከራከርም። የመረጥኩት የሂሳቡ ዝርዝር ስለሚታወቅና፣ ገንዘቡ ከዕቃ መደብር ወጥቶ ወደ ሰው እጅ እንዴት እንደሄደ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። የሰው እጅ ርካሽ፣ ዕቃ ግን ውድ በሆነበት አገር ለሚገነባ ሰው ይህ ነጥብ ከሁሉም ይበልጥበታል።

ስለ ቦታው ጥቂት። ሱልዘር እ.ኤ.አ. በ1834 ቪንተርቱር ላይ የተቋቋመ ኩባንያ ነው፤ የሽመና ማሽን፣ የመርከብ ሞተር፣ ፓምፕ እየሠራ ከተማዋን ለትውልዶች ያበላ። ምርቱ ከከተማ እየወጣ ሲሄድ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ሰፊ የፋብሪካ ግቢ ባዶ አዳራሾች ይዞ ቀረ። ላገርፕላትስ የሚባለው የግቢው ክፍል ለአነስተኛ ወርክሾፖች፣ ለአርቲስቶችና ለጀማሪ ድርጅቶች በርካሽ እየተከራየ ቆየ። ተከራዮቹ ተደራጅተው ግቢው አፍርሶ ለሚገነባ እንዳይሸጥ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ የገዛው አቤንድሮት የተባለ፣ ዋና ቢሮው ባዝል ከተማ የሆነ የጡረታ ፈንድ ነው።

ገዢው የጡረታ ፈንድ መሆኑ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይመስለኝም። ገንዘቡ ዛሬ ለሚሠራ ሰው ከ30 ዓመት በኋላ የሚከፈል ስለሆነ ቤቱን ሠርቶ፣ ሸጦ፣ ትርፉን ይዞ ለመውጣት የሚያጣድፈው የለም። «ዕቃው እስኪገኝ ስድስት ወር እንጠብቅ» የሚል አርክቴክት ከአልሚ ቢሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይሸኛል። እዚህ ግን ሰሚ አገኘ።

ንድፉን የሠራው ባውቢሮ ኢን ሲቱ የተባለ የአርክቴክቶች ድርጅት ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ባርባራ ቡሰር ትባላለች። ቡሰር ትምህርቷን ዙሪክ ጨርሳ ሱዳንና ታንዛኒያ ውስጥ ለዓመታት ሠርታለች። ወደ አገሯ ስትመለስ ደህና በር፣ ደህና መስኮት፣ ደህና የመታጠቢያ ሳህን ወደ ቆሻሻ ሲጣል ማየት አስደነገጣት። አፍሪካ ውስጥ የኖረ ሰው ለምን እንደደነገጠች አይጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ባዝል ላይ ያገለገለ የሕንጻ ዕቃ የሚሸጥበት መደብር አቋቋመች። ከባልደረባዋ ከኤሪክ ሆኔገር ጋር ደግሞ አሮጌ ፋብሪካዎችን ሳያፈርሱ ለአዲስ አገልግሎት በማዋል ታወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለቱም የስዊዘርላንድን ትልቅ የጥበብ ሽልማት፣ ሜሬ ኦፐንሃይምን፣ ተሸልመዋል።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ሄደ። ድርጅቱ የሚፈርስ ሕንጻ የሚያድኑ ሰዎች አሰማራ። «ማደን» የሚለውን ቃል እነሱም ይጠቀሙበታል፣ ለሥራውም ይስማማዋል። የትኛው ሕንጻ የመፍረሻ ፈቃድ ጠየቀ? ባለቤቱ ማነው? አፍራሹ ኮንትራክተር መቼ ይገባል? አዳኞቹ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ገብተው እያንዳንዱን ዕቃ ይለካሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ በምን እንደታሰረ ያያሉ፣ ምን ያህል ቁራጭ እንዳለ ይቆጥራሉ። አንድ መስኮት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ 20 አንድ ዓይነት መስኮት ግን ፎቅ ይዘጋል። ደግሞ ዕቃው መቼ ሊወጣ እንደሚችል ይጠይቃሉ፤ ጊዜው ካልገጠመ የዕቃው ጥራት ምንም አይጠቅምም።

መጀመሪያ የተያዘው ትልቁ ዕቃ የብረት ተሸካሚው ነው። ኮፕ የተባለው የስዊዘርላንድ የችርቻሮ ድርጅት ባዝል፣ ሊስቡክል ሠፈር ውስጥ ትልቅ የማከፋፈያ መጋዘን ነበረው። ሠፈሩ ለመኖሪያ እንዲለማ ስለተወሰነ መጋዘኑ መነሣት ነበረበት። ኮለኖቹና ቢሞቹ፣ ማለትም ቋሚና አግዳሚ ተሸካሚዎቹ፣ ተፈትተው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓጉዘው ቪንተርቱር ገቡ፤ የአዲሶቹ ፎቆች አጥንትም እነሱ ሆኑ። የኮለን ርቀትና የክፍል ስፋት የተወሰነው በብረቱ ርዝመት ነው። አጭር ቢሆን ይበየዳል፣ ረጅም ቢሆን ይቆረጣል የሚል ካለ ትክክል ነው፤ ግን በተበየደና በተቆረጠ ቁጥር የተቆጠበው እየቀለጠ ይሄዳል። የተሻለው መንገድ ሕንጻውን በብረቱ ልክ መስፋት ነው።

ብረት ለዚህ ሥራ የተመቸበት ምክንያት አለው። መጋዘን ብዙውን ጊዜ የሚገጣጠመው በቡሎን ነው፤ የታሰረው ይፈታል። የቢሙ ቅርጽና መጠን በመደበኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ስላለ ኢንጂነሩ ለክቶ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። የብረቱ ጥንካሬ ደግሞ የድሮው ሥዕል ካለ ከሥዕሉ ይነበባል፤ ከሌለ ናሙና ተቆርጦ ላቦራቶሪ ውስጥ እስኪበጠስ ይጎተታል። ዝገት በልቶት ከሆነ የቀረው ውፍረት ይለካል። ይህ ሁሉ ወጪ አለው፤ ነገር ግን ከአንድ መጋዘን የመጣ ብረት ባብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ ጥቂት ናሙና ለብዙ ቢም ይበቃል።

ከዚያ ደረጃው መጣ። ኦሪዮን ይባል የነበረው የዙሪክ የቢሮ ሕንጻ በዕድሜ ያን ያህል ያረጀ አልነበረም፤ የቆመበት መሬት ግን ከሕንጻው በላይ ዋጋ አወጣ። ከኦሪዮን የወጣው የውጭ ደረጃ፣ መግቢያው ላይ እንደጠቀስኩት፣ የፎቆቹን ከፍታ ወሰነ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ደረጃ በሕንጻ ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ በጣም ግትሩ ነው። የእያንዳንዱ ረገጣ ቁመት እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ሰው ይደናቀፋል። ስለዚህ የወለሉ ከፍታ ከደረጃው ጋር ካልገጠመ አንድ ረገጣ ቀንሶ ወይም ጨምሮ ማስተካከል አይቻልም፣ ሙሉው ደረጃ ይወድቃል። ሁለት ምርጫ ነበራቸው፦ አዲስ ደረጃ መሥራት ወይም ወለሉን ወደ ደረጃው ማምጣት። ወለሉ ገና ወረቀት ላይ ስለነበር እሱን ማንሣት ምንም አላስከፈለም። እኔን የገረመኝ ብልጠቱ ሳይሆን ጊዜው ነው፤ ይህ ደረጃ ወለሉ ከተሞላ በኋላ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ የብረት ቁራጭ ብቻ ነበር።

ከኦሪዮን የወጣው ደረጃው ብቻ አይደለም። የአሉሚኒየም መስኮቶቹም መጥተዋል። የፊት ለፊቱ የግራናይት ልባስ ተነቅሎ እዚህ የበረንዳ ወለል ሆኗል፤ ቆሞ የኖረ ድንጋይ ተኛ ማለት ነው። ሌሎች የፋብሪካ መስኮቶች ከራሱ ከሱልዘር አሮጌ አዳራሽ ተወሰዱ። ቀዩ ቆርቆሮ ደግሞ እዚያው ቪንተርቱር ውስጥ ከነበረ ዚግለር ከሚባል ማተሚያ ቤት ግድግዳ የወጣ ነው። ቀለሙን የመረጠ ሰው የለም። ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ ሕንጻው ሰማያዊ ነበር።

መስኮቶቹ መጠናቸው የተለያየ ስለሆነ ሕንጻው ከውጭ ሲታይ የተደበላለቀ ይመስላል። ግን ሥርዓት አለው። ግድግዳው የተሠራው ከእንጨት ፍሬም ስለሆነ ክፍተቱ በመስኮቱ ልክ ይከፈታል፤ ብሎኬት ቢሆን ይህን ያህል አይታዘዝም። በፍሬሙ ውስጥ ሙቀት እንዳያስወጣ የተጠቀጠቀው ጭድ ነው። ከውስጥ በኩል የተለሰነው በጭቃ ነው። አዎ፣ ጭድና ጭቃ! እኛ ሰውዬው ገንዘብ ሲያገኝ አፍርሶ በብሎኬት የሚተካው፣ የድህነት ምልክት አድርገን የምንቆጥረው ነገር እዚያ የጡረታ ፈንድ ገንዘብ የፈሰሰበት ፎቅ ላይ ወጥቷል። ልዩነቱ ውኃ እንዳይነካው በእንጨትና በቆርቆሮ መሸፈኑና በባለሙያ ሂሳብ መሠራቱ ነው። ጭቃ ቤታችንን የሚጥለውም እርጥበት እንጂ ጭቃነቱ አይደለም።

ውጤቱ በቁጥር ተመዝግቧል። ሕንጻው ሙሉ በሙሉ በአዲስ ዕቃ ቢሠራ ከሚለቀቀው ጋር ሲነጻጸር ወደ 60 በመቶ የሚሆን የሙቀት አማቂ ጋዝ ቀንሷል፤ በክብደት ሲሰላ ወደ 500 ቶን ይጠጋል። ከመሬት ሊወጣ የነበረ ወደ 500 ቶን ጥሬ ዕቃም ባለበት ቀርቷል። ሥራውን የተከታተለውና የመዘገበው በአቅራቢያው ያለው የዙሪክ የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ክፍል ነው፤ ተማሪዎችም ተሳትፈውበታል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ብረት እንደሆነ ቀልጦ እንደገና ይሠራል፤ ታዲያ ለምን ይህ ሁሉ ድካም?» መልሱ በእሳቱ ውስጥ ነው። ከማዕድን የሚወጣ አንድ ቶን ብረት 2 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢቀልጥ ወደ ሲሶው ይወርዳል፤ ትልቅ ቁጠባ ነው፣ ግን አሁንም በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ነው። ያንኑ ቢም ሳያቀልጡ ከባዝል ቪንተርቱር ማምጣትስ? በከባድ መኪና አንድ ቶን ጭነት አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ 100 ግራም ገደማ ይለቀቃል፤ ለ110 ኪሎ ሜትር 11 ኪሎ መሆኑ ነው። በሺዎች፣ በመቶዎችና በአሥሮች መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ ማቅለጥ የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። ፍርስራሽን ፈጭቶ ለመንገድ መሙያ ማዋልም እንደዚያው ነው፤ ከመጣል ይሻላል፣ ነገር ግን በር የነበረው በር፣ ቢም የነበረው ቢም ሆኖ አልቀጠለም።

ስዊዘርላንድ ይህን ለምን አጥብቃ እንደያዘች የሚያስረዳ አንድ ቁጥር ልጨምር። በአገሪቱ ከሚወጣው ቆሻሻ ሁሉ፣ ተቆፍሮ የሚወጣው አፈር ሲጨመርበት፣ 84 በመቶው ከግንባታ የሚመጣ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ግንባታና ማፍረስ ከጠቅላላው ቆሻሻ ከሲሶ በላይ ይይዛሉ። የቤት ቆሻሻን በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ የሚጥል ሕዝብ፣ ማዶ ላይ አንድ ሙሉ ሕንጻ በኤክስካቫተር ተጨፍልቆ ሲጫን ቆሞ ያያል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እውነተኛው ትምህርት ያለው እዚህ ነው። የኬ.118 ጠቅላላ ወጪ በተለመደው መንገድ ከሚሠራ ተመሳሳይ ሕንጻ ጋር ተቀራራቢ ሆነ። ርካሽ አልሆነም፣ ውድም አልሆነም። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ቅር ይላቸዋል፤ ያገለገለ ዕቃ ነው ስለተባለ በግማሽ ዋጋ የጠበቁ ይመስለኛል። ከውስጥ ሲታይ ግን የወጪው አቀማመጥ ፈጽሞ ተለውጧል። ለዕቃው ራሱ የሚከፈለው ትንሽ ነው፤ የሚያፈርሰው ሰው እንዲያውም የመጣያ ክፍያ ስለሚቀርለት ደስ ብሎት ይሰጣል። ገንዘቡ የሄደው በጥንቃቄ ለሚፈታው ሠራተኛ፣ ለሚያጸዳውና ለሚጠግነው ባለሙያ፣ ለሚያጓጉዘው፣ ለማከማቻ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፕላኑን አሥር ጊዜ ለሚከልሰው አርክቴክትና ኢንጂነር ነው። በስዊዘርላንድ ደመወዝ!

ማከማቻ የተባለውን በቀላሉ አትለፉት። ዕቃው የሚወጣበት ቀንና የሚገባበት ቀን አይገናኙም። አፍራሹ «ማክሰኞ ውሰድ» ካለ ማክሰኞ ይወሰዳል፣ ሕንጻው ደግሞ ገና ፈቃድ ላይ ሊሆን ይችላል። ላገርፕላትስ ውስጥ ባዶ አዳራሽና ሜዳ በመኖሩ ይህ ራስ ምታት ቀለለ። በከተማ መሐል ቦታ ተከራይቶ ቢም ማስተኛት ቢኖርበት ሂሳቡ ሌላ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ራስ ምታት ወረቀት ነው። አዲስ መስኮት ሲገዛ ፋብሪካው ዋስትና ይሰጣል፤ ቢያፈስ ተጠያቂ አለ። ያገለገለው መስኮት ቢያፈስስ ማን ይጠየቃል? የሸጠው «እንዳለ ውሰድ» ብሎ ሰጥቷል። ኮንትራክተሩ ያልመረጠውን ዕቃ ዋስ አልሆንም ይላል። ባለቤቱ አደጋውን በከፊል ራሱ ካልተሸከመ እንዲህ ያለ ሥራ አይጀመርም፤ አቤንድሮት የተሸከመውም ይህንኑ ነው። ደግሞም የድሮ መስኮት ሙቀት የሚይዝበት አቅም የዛሬውን ደንብ አያሟላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጉድለቱን ግድግዳውን በማወፈር ማካካስ ያስፈልጋል። ጭዱ እዚህም ጠቅሟል።

ሽልማት መጥቷል። ሕንጻው እ.ኤ.አ. በ2021 ለአውሮፓ ከሚሰጠው የሆልሲም ሽልማት ወርቁን ወሰደ። ሆልሲም ማነው ቢባል በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ ሲሚንቶ አምራቾች አንዱ ነው። ሲሚንቶ ማምረት ብቻውን ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ ገደማውን ይይዛል። ሲሚንቶ ሻጭ የቆመለት ፋውንዴሽን አዲስ ዕቃ ላለመግዛት የታገለን ሕንጻ መሸለሙን አንዳንዱ ቅንነት ይለዋል፣ አንዳንዱ ሌላ ስም ያወጣለታል።

ከዚህ ሥራ የተገኘውን ልምድ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2020 ዚርኩላር የሚባል ድርጅት ከባውቢሮ ኢን ሲቱ ወጣ። ሥራው ለሌሎች አርክቴክቶችና ባለቤቶች ያገለገለ ዕቃ ማፈላለግና ማማከር ነው። ማለትም በኬ.118 ላይ በተጨማሪ ድካም የተሠራው ነገር የሚከፈልበት ሙያ ሆነ።

ሁሉም ዕቃ ግን በቡሎን እንደታሰረ ብረት እሺ አይልም። ኮፐንሃገን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የተጠናቀቀ አንድ የመኖሪያ መንደር ከካርልስበርግ የድሮ ቢራ ፋብሪካና ከሌሎች ሕንጻዎች የወጣ ጡብ ተጠቅሟል። ጡቦቹ የተያያዙት በሲሚንቶ ስለሆነ አንድ በአንድ ልለያቸው ያለ ሰው ሲሚንቶው ከጡቡ በላይ ጠንክሮ ጡቡ ይሰበርበታል። ስለዚህ ግድግዳውን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እያደረጉ በመጋዝ ቆርጠው፣ ቁራጩን እንዳለ ፓነል አድርገው ሰቀሉት። በኖራ የተገነባ የጥንት ግንብ ቢሆን ጡቡ በመዶሻ መታ መታ ሲደረግ ይለቅ ነበር። ዛሬ በምን እንደምናያይዝ የምንወስነው ውሳኔ ከ50 ዓመት በኋላ ዕቃውን ዕቃ ወይም ፍርስራሽ ያደርገዋል።

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ይህን የሚያነብ ኮንትራክተር «ታዲያ እኛ መቼ ጣልን?» ቢል አልፈርድበትም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ቆርቆሮው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ ሞራሌው ወልቆ ይጫን ነበር። ከሳይት የሚወጣ ፌሮ በመዶሻ ከአርማታ ውስጥ እየተፈለቀቀ ይወጣል። የተጣመመ ሚስማር ይቃናል። አጣናው ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው እስኪሰበር ያገለግላል። ቆራሌው በየሠፈሩ ይዞራል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ ቀጥቅጦ፣ በይዶ፣ ቀይሮ የማይሸጠው ብረት የለም። የቪንተርቱር አዳኞች በደመወዝ የሚሠሩትን ሥራ እዚህ ማንም ሳይቀጥረው የሚሠራ ሺህ ሰው አለ።

ግን ልዩነቱ የት ላይ ነው? ያ ሁሉ ዕቃ የሚሄደው ለአጥር፣ ለጥበቃ ቤት፣ ለኪዮስክ፣ ለጊዜያዊ መጠለያና ለማቅለጫ ምድጃ ነው። ፈቃድ ባለው፣ ኢንጂነር በፈረመበት ሕንጻ ፕላን ላይ «ያገለገለ ቢም» የሚል መስመር አናይም። ጎዶሏችን እጅ አይደለም፤ እጅ ሞልቶናል። ኬ.118 ላይ ገንዘቡን የበላው የጉልበት ዋጋ እኛ ዘንድ ትንሽ ነው። እዚያ ርካሽ የነበረው፣ ማለትም ሕንጻው መቼ እንደሚፈርስ ወራት ቀድሞ ማወቅ፣ የድሮ ሥዕል ከማኅደር ማውጣት፣ ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ ማስጎተት፣ እኛ ዘንድ ውድ ነው ወይም የለም። የማፍረሻው ማስታወቂያ በቀናት ከተሰጠ የሚተርፈው ሰው በትከሻው ሊሸከም የሚችለው ብቻ ነው። ቢም በትከሻ አይወጣም።

ስለዚህ ኬ.118ን እንዳለ ገልብጠን እናምጣው የሚል ካለ አልስማማም። ከእሱ የሚወሰደው ቅደም ተከተሉ ነው፦ ከማፍረስ በፊት መቁጠር። አንድ የዕቃ መዝጋቢና አንድ ኢንጂነር ለጥቂት ቀናት ገብተው ምን ዓይነት ብረት፣ ስንት ሜትር፣ በቡሎን ወይስ በብየዳ፣ ስንት መስኮት፣ በምን መጠን እያሉ ቢጽፉ፣ ዝርዝሩ ማፍረሻው ሳይጀመር ለገዢ ይደርሳል። ዋጋው ከዕቃው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ገዢም አይጠፋም።

እኔ ብጠየቅ የምጀምረው ከብረት መጋዘን ነው። በከተማችን ዳርና ዳር የሚነሡ መጋዘኖች አሉ፤ ቅርጻቸው ቀላል ነው፣ ብረታቸው የታወቀ ነው። ችግሩ እኛ ዘንድ ብዙው በብየዳ የተያያዘ መሆኑ ነው፤ በያጅ በየመንደሩ አለ፣ ቡሎን ግን መግዛት ያስፈልጋል፣ ቀዳዳውም ልክ መሆን አለበት። የተበየደው በመጋዝ ወይም በጋዝ እሳት ሲቆረጥ በየጫፉ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ከ6 ሜትር ቢም 5 ተኩል ከተረፈ 5 ተኩል የሚበቃው ሕንጻ ይፈለግለታል፣ ልክ እንደ ደረጃው። ሁለተኛው የቢሮና የአፓርታማ አሉሚኒየም መስኮትና የእንጨት በር ነው፤ የእኛ አየር እንደ ስዊዘርላንድ ክረምት ስላልሆነ የሙቀት ደንቡ አያስቸግርም።

አርማታውን ግን ለብቻው አየዋለሁ። የእኛ ከተማ የሚገነባው በአርማታ ኮለን፣ ቢምና ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ሲሆን በሳይት ላይ አንድ ወጥ ሆኖ ይሞላል፤ የሚፈታ መገጣጠሚያ የለውም። ሲፈርስ ኮንክሪቱ ተፈጭቶ ለመሙያ ይውላል፣ ከውስጡ የሚወጣው ፌሮ ደግሞ በመዶሻ ተቀጥቅጦ፣ ተጣምሞና ተቃንቶ ስለሚመጣ ውስጥ ውስጡን ሊሰነጠቅ ይችላል። ዝገቱም ውፍረቱን ቀንሶት ይሆናል። ስለዚህ ይህ ፌሮ ሳይመረመር ለኮለንና ለቢም መግባት የለበትም፤ ለአጥር መሠረት፣ ለእግረኛ መንገድ ንጣፍና ለፍርግርግ ይሁን። የቀረው ማቅለጫ ቤት ይሂድ።